«ማርሽ መቀየር አይፈቀድለትም»

ሰሞኑን ከደብረ ሲና ልጆች ጋር በቴሌግራም ስናወጋ አንዱ «አሜሪካ ከባድ መኪና በግል ለመንዳትም መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ? የራስህን ዕቃ ከጫንክ ማን ምን አገባው?» አለኝ። ሌላው ቀጠለና «የጣርማ በርን ቁልቁለት በጉም ከነተሳቢው ስትወርድ የኖርክ ሰውዬ፣ እነሱ ደግሞ ምን ሊያስተምሩህ?» አለ። ቁስሌን ነካው።

እዚህ አገር መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። ፋብሪካው ለመኪናው የፈቀደለት ክብደት ከነጭነቱ 26,001 ፓውንድ፣ በእኛ 118 ኩንታል ገደማ፣ ከሆነ ወይም ካለፈ፣ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባዶውን ብትነዳውም ያው ነው። ለቤት ዕቃ ማጓጓዣ የሚከራዩት ትልልቅ መኪኖች ከዚያች ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ተሳቢ ሲሆን ሁለቱ ተደምረው ያን ከሞሉና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ ክላስ ኤ የሚባለው የሲዲኤል ደረጃ ግድ ነው።

«በግል» የምትሏት ነገር ታዲያ አታታላችሁ። የራሴን የምንጃር ጤፍ ጭኜ ልሽጥ ብትሉ፣ ጤፉ የእናንተ ቢሆንም ንግድ ነው። ገበሬ ግን በብዙ ስቴቶች የራሱን ምርት ከእርሻው 150 ማይል ሳይርቅ ያለ ሲዲኤል ያመላልሳል። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ቢደርስ ማንም አይናገረውም እንደማለት ነው።

ከሁሉ ያናደዱኝ ጡረተኞቹ ናቸው። አልጋ፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤት ያለው፣ አውቶቡስ የሚያክል መኪና፣ ከኋላው ሌላ አውቶሞቢል አስረው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ እየነዱት በአጠገቤ ያልፋሉ። ለሽርሽር ነው እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ስለዚህ በአብዛኛው ስቴት የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይበቃቸዋል። ቴክሳስን የመሳሰሉት ብቻ ንግድ ላልሆነውም የከባድ መኪና ፈተና ይፈትናሉ።

እኔንስ? የአገር ቤት መንጃ ፈቃዴን ገልጦ ያየልኝ የለም። በፈረንጆች 2022 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ አዲስ አመልካች ሁሉ በተመዘገበ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ ነው የሚፈተነው። ፈተናው ላይ፣ አገር ቤት ረዳቱ ጎማውን በዱላ መታ መታ አድርጎ «ሂድ ጋሼ!» የሚለውን ነገር፣ እኔ ከባሌስትራው እስከ ብሎኑ በጣቴ እየነካሁ በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ስቆጥር ዋልኩ። ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ዝም። የአየር ፍሬኑን አፈታተሽ ካበላሸህ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ወደቅህ። ይሁን፣ ይህስ ደግ ነው፤ እኛ አገር ጎማ ማገጃ ታኮ ይዞ የሚሮጥ ረዳት ላይ ስንት ነፍስ ተማምኗል!

ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው መኪና አውቶማቲክ ብቻ ነበር፤ በዚያው ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ፈቃዱ ሲመጣ ጎኑ ላይ «ኢ» የምትል ፊደል አለች። ቢሮው ሄጄ ምንድን ናት ስል ልጅቷ ቀና ሳትል «ማኑዋል ካምቢዮ ያለው የንግድ መኪና መንዳት አይፈቀድልህም ማለት ነው» አለችኝ። እኔን! ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ እስከ ደብረ ሲና ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይዤ፣ ፍሬን ሳላግል የወረድኩትን! ፍሬናቸው እየሸተተ የሚወርዱትን ስሰድብ የኖርኩት ሰውዬ! ቤት ገብቼ ስፎክር ባለቤቴ «እግርህ አረፈ፣ ምን ያንገበግብሃል?» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ለመምጣት የምታስቡ ሾፌሮች፣ «የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ» የሚለውን ኤርፖርት ላይ አራግፉት። በተለይ መንጃ ፈቃዳችሁን ደላላ ያወጣላችሁ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እንግሊዝኛውን ግን አሁኑኑ ጀምሩ፤ ከ2025 ሰኔ ወዲህ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ አስቁሞ ሲያናግራችሁ መመለስ ካቃታችሁ እዚያው ከመሪው ያስወርዳችኋል።

ያቺን «ኢ» ለማስነሳት በማኑዋል መኪና እንደገና መፈተን ነው። ማኑዋል ያለው ትምህርት ቤት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ባለቤቴ እንዳትሰማ።