ለእንጀራ ብዬ የበላሁት ቋሊማ

ግላስጎው ውስጥ ተዋናይ ነኝ ስል ሰው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ሊፈልገኝ ይሞክራል። ተዉት፣ አታገኙኝም። እኔ በር ከፍቼ «ዶክተሩ ወጥተዋል» ብዬ የምዘጋው ሰውዬ ነኝ። ታክሲ ነጂ፣ ባለሱቅ፣ የሆስፒታል ጽዳት፣ አንዴ ደግሞ ሬሳ።

በሬሳው አትሳቁ። እዚህ «ታጋርት» የሚባል የፖሊስ ድራማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2010 የታየ። የስኮትላንድ ተዋንያን እስካሁን ይቀላለዱበታል። አንዱ ገዳይ ሆኖ ሠርቶበታል፣ ሌላው ሬሳ ሆኖ ተኝቶበታል።

በስም በኩል ዕድለኛ ነበርኩ። የተዋንያን ማኅበሩ ኤኩቲ ሁለት ሰው በአንድ ስም አይመዘግብም ነበር። ታዋቂው የስኮትላንድ ተዋናይ ዴቪድ ቴናንት እንኳ የቤተሰብ ስሙ ማክዶናልድ ነው፤ ስሙ ተይዞ ስለጠበቀው ቀየረው። የኔን ስም ስኮትላንድ ውስጥ ማን ይይዝብኛል?

አነጋገር ላይ ግን ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። እንደ ሎንዶን ዜና አንባቢ ካልተናገርኩ ማንም አይቀጥረኝም ብዬ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ከርሜ፣ ለሚና መፈተኛው ኦዲሽን ስሄድ ሚናው ለካ ግላስጎው ሃያ ዓመት የኖረ ባለሱቅ ነው። እንደዚያ የሚናገር ባለሱቅ ደግሞ በዚህ ከተማ የለም። አለፈኝ። ከዚያ በኋላ ነው ተዋናዩን ቢል ፓተርሰንን ደጋግሜ ማዳመጥ የጀመርኩት። ሰውዬው የግላስጎው ልጅ ነው፤ መጀመሪያ የግንባታ ሥራ መጠንና ወጪ ማስላት ሦስት ዓመት ተለማምዷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ 7፡84 ከሚባለው የቲያትር ቡድን ጋር በሰሜኑ ተራራማ አገር የመንደር አዳራሾች እየዞረ ተውኗል። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ሲሠራ አፉ ያው የግላስጎው ነው። እኔም ሽንኩርት ስገዛ በምናገርበት አፌ ኦዲሽን መግባት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ቋሊማው።

ትዕይንቱ ቁርስ ቤት ነው። እኔና አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ከተማው ሁሉ ፊቱን የሚያውቀው፣ ስሙን የማያውቀው ዓይነት ሰው። መርማሪው ገብቶ አንድ ስም ይጠራል፣ እኔ «አላውቀውም» እላለሁ፣ አለቀ። ከፊቴ የስኮትላንዶች አራት ማዕዘን ቋሊማ በዳቦ ተቀምጧል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ለእንጀራ ነው ብዬ ለራሴ ፈቀድኩና በትልቁ ገመጥኩ። እውነተኛ እንዲመስል!

የረሳሁት ነገር፣ ካሜራ አንዴ አይቀርጽም። ከሩቅ ይቀርጻል፣ ከትከሻ ጀርባ ይቀርጻል፣ ከቅርብ ይቀርጻል፤ ኮንቲኒዩቲ የምትይዘዋ፣ ማለትም ቀረጻው ከቀረጻው እንዲገጥም የምትቆጣጠረው ልጅ ደግሞ በየመሀሉ መጥታ «መርማሪው ወንበሩን ሲስብ ነው የገመጥከው፣ በቀኝ እጅህ» ትለኛለች። አሥራ አንድ ጊዜ ገመጥኩ። በየጊዜው አዲስ ትኩስ ቋሊማ። ጠረጴዛው ሥር መትፊያ ባልዲ እንዳለ የሰማሁት ዘጠነኛው ላይ ነው።

ሽማግሌው ምን ይሠራል? ሻዩን ያማስላል። አንዲት ጉንጭ አልጠጣም። መርማሪው ስሙን ሲጠራ ማንኪያው ቀጥ ይላል። በቃ። ከዚያ እንደገና ማማሰል።

ስንጨርስ፣ «እየሠራህ ነበር ወይስ ርቦህ ነበር?» አለኝ።

ፊልሙ ሲወጣ ቤቴ ሰው ጠርቼ አየሁት። «አላውቀውም» የሚለው ቃሌ ተቆርጧል። የሚታየው የኔ ክርን ነው፣ ከክርኔ ባሻገር ደግሞ ቀጥ ያለችው ማንኪያ። ማንም ምንም ሳይናገር ሽማግሌው ሰውየውን እንደሚያውቀው ሁላችንም ገባን። ባለቤቴ «ክርንህ ግን ጥሩ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቲያትር ቤት ስገባ የሚናገረውን ትቼ የሚያዳምጠውን ነው የማየው። ጎርባልስ የሚባለው የግላስጎው ሰፈር ያለው ሲቲዝንስ ቲያትር፣ ላይ ርካሹ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከማንም አስተማሪ በላይ የተማርኩት ከዳር ከቆሙት ነው። ጽሑፍ ሲሰጠኝም መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቃል አለኝ ሳይሆን እጄ ምን ይዟል ነው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ቁርስ ቤት ደረሰኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ገና በመጀመሪያው ቀረጻ እንቁላሉን ግማሽ ጎረሰው። ምንም አላልኩትም። ሻዬን እያማሰልኩ ባልዲውን በእግሬ ገፋ አደረግኩለት።