እንጦጦ ላይ የእግር መንገድ ስንጠርግ፦ እስካሁን የተማርኩት

ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከቀበና አካባቢ ከምንሰባሰብ በጎ ፈቃደኞች ጋር እንጦጦ ላይ የእግር መንገድ በመጥረግ ላይ እገኛለሁ። ተራራ መውጣት የምትወዱና ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ እንደምትኖሩ ስለማውቅ፣ የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቁጥቋጦ መመንጠር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ጉልበታችን በአብዛኛው የሚያልቀው የዝናብ ውሃ ከመንገዱ ላይ ቶሎ እንዲወርድ በማድረግ ነው።

ማልደን አራት ኪሎ ተገናኝተን በታክሲ ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው አቀበት እንቀጥላለን። ገጀራው፣ ማጭዱ፣ የእጅ መጋዙ፣ ዶማውና አካፋው ስለታቸው ማንንም እንዳይጎዳ በማዳበሪያ ተጠቅልለው ይጫናሉ። የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ የአዲስ አበባን አየር የለመደ ሰው እንኳ እዚያ ዶማ ሲያነሳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሲቆፍር ሌላው እያረፈ በፈረቃ መሥራት ግድ ነው።

የተራራውን ጠባይ ለመረዳት ስለ ባሕር ዛፉ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያጠረ በመሄዱ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በስፋት ተተከለ። ዛፉ ለከተማዋ የዋለው ውለታ የሚካድ አይደለም። ሆኖም ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ ከሥሩ የሚወጣው ሣር ስስ ስለሆነ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን የሚይዘው ነገር ያንሳል። ቁልቁል የሚወርደው ውሃ ደግሞ በእግር የተደለደለ መንገድ ካገኘ ያንኑ ይዞ ይሮጣል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥም መንገዱ ቦይ ይሆናል። የረገፈው ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል።

ሥራውን የሚመሩን ለብዙ ዘመን ደን ሲጠብቁ የኖሩ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ገና ገጀራ ስናነሳ «ልጆቼ፣ ቅጠሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሄደ ፈልጉልኝ» አሉን። ከዚያም ጎንበስ ብለው ደቃቅ ደለል የተኛበትን፣ ቅጠልና ጭራሮ ተጠራቅሞ የቀረበትን፣ ጠጠሩ ታጥቦ የወጣበትን ቦታ አንድ በአንድ አሳዩን። ይህን ማንበብ ከቻልን በኋላ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በመንገዱ የቁልቁለት ጠርዝ ላይ መሆኑን ተረዳን። እግር መሃሉን እየደለደለ ዝቅ ሲያደርገው፣ አፈሩ ወደ ጠርዙ ተገፍቶ እንደ ትንሽ ግድብ ይቆማል፤ በመንገዱ ላይ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። መፍትሔው ያንን ጠርዝ በዶማ አፍርሶ፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው መንገድ የውጪው ጎን ከውስጠኛው በ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል መደልደል ነው። ልኩን ለማረጋገጥ የግንበኛ ውሃ ልክ የሚይዝ ሰው አለ፤ እኔን ያሳመነኝ ግን በሀይላንድ የያዝነውን ውሃ መሃል መንገድ ላይ ማፍሰስ ነው። ውሃው ሁለት እርምጃ ያህል እንኳ መንገዱን ተከትሎ ከሄደ ሥራው አላለቀም፤ ወዲያው ወደ ጎን ተጠምዝዞ ሣሩ ውስጥ ከገባ ግን ወደሚቀጥለው ቦታ እናልፋለን።

አቀበቱ ሲበረታ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩ በ45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ማለት አለበት፤ ቀጥ ብሎ ካቋረጠ ውሃው ይቆምበትና በደለል ይሞላል። አብዛኞቹ ነባር ቦዮች ተደፍነው ያገኘናቸው በመውጫቸው በኩል ስለሆነ፣ አዲስ ከመቆፈር በፊት የነባሩን አፍ አስፍቶ መጥረግ ይበልጥ ይክሳል።

ስለ ቆረጣው ባጭሩ ላንሳ። ምን መቆረጥ እንዳለበት ፈቃድ ከሰጠን አካል ጋር አስቀድመን እንስማማለን። በመንገዱ ላይ የበቀለ ቀጭን ግንድ ከመሬት እኩል ይቆረጣል፤ ጉቶው ከቀረ እግር ያደናቅፋል። ገጀራ የያዙ ሰዎች ቢያንስ በ3 ሜትር ይራራቃሉ። የአገር በቀል ችግኝን መለየት ደግሞ ሁሉም ሊማረው የሚገባ ነገር ነው። የጽድ ችግኝ ቅጠሉ ሹልና የሚወጋ በመሆኑ ካደገው ጽድ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ የማያውቅ ሰው እሾህ ነው ብሎ ያጭደዋል። አሁን እያንዳንዱን ችግኝ በድንጋይ ከብበን እናልፋለን።

መንገዱ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት ያስተማሩን ግን ማገዶ ተሸካሚ እናቶች ናቸው። አንዲት እናት ጭነታቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆመን ስናሳልፋቸው፣ «ልጄ፣ ለእናንተ በቂ ነው፤ ለእኛ ግን ይቺ ቅርንጫፍ ሸክሙን ትይዝብናለች» አሉኝ። ጭነቱ በጀርባ ላይ አግድም ስለሚታሰር ከትከሻ ብዙ ይወጣል፤ በቁልቁለት ላይ ጫፉ በቅርንጫፍ ቢያዝ ተሸካሚዋን አሽከርክሮ ሊጥላት ይችላል። ከዚያ ወዲህ የምንለካው ለእግረኛ ሳይሆን ለሸክማቸው ነው፤ በእኔ እምነትም ትክክለኛው ልክ ይኸው ነው፣ በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱት እነሱ ናቸውና።

ይህ ሥራ ለእኛ ለመሃል ከተማ ነዋሪዎችም ቅርብ ነው። ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች የሚነሱት ከእንጦጦ ነው፤ በከተማዋ መካከል አልፈው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በክረምት ቀበና ድልድይ ላይ ቆሜ የማየው የደፈረሰ ውሃ ከየት እንደተነሳ አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ጥቂት ቦዮች ወንዙን ያጠራሉ አልልም፤ አፈሩ ከመንገዱ ላይ ተጠርጎ እንዳይወርድ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

ቀጥሎ ልማር የተዘጋጀሁት በጣም ገደላማ በሆነው ክፍል ላይ በድንጋይ ካብ ደረጃ መሥራትን ነው፤ ጋሼ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት ብለዋል። አብራችሁን መውጣት የምትፈልጉ ወፍራም ጓንት፣ የማያንሸራትት ሶል ያለው ጫማ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ከበቂ በላይ ውሃ ያዙ፤ የውሃው ትርፍ መንገዱን ለመፈተሽ ይውላል።