ቪየና ለኮንፈረንስ የምትሄዱ፣ አዲስ አበባ እያላችሁ ጨርሱት

የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤውን በየዓመቱ በጸደይ ቪየና ላይ ያካሂዳል። ከ15 ሺህ በላይ የመሬት ሳይንስ ሰው ከተማዋን ይሞላታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ነው የማስተምረው። የምሠራው ስምጥ ሸለቆ ላይ ስለሆነ ወደዚያ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ጥር በመጣ ቁጥር ወጣት ባልደረቦቼ "እስቲ መላውን ንገረን" ይሉኛል። በስልክ መደጋገሙ ሰለቸኝና ልጻፈው አልኩ። ለተባበሩት መንግሥታት ወይም ለአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ስብሰባ የምትሄዱም ትጠቀሙበታላችሁ፤ ሰፈሩ ያው አንድ ነው።

ከተማዋ አታስቸግርም። ጣጣው ያለው ከመነሳታችን በፊት ነው።

በቪዛው ልጀምር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጡን አጠበቀ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ቀርቶ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆነ። ክፍያውም በዚያው ዓመት 90 ዩሮ ገባ። ያናድዳል፤ ግን መናደድ ቀጠሮ አያስገኝም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ጥናቴ ተቀባይነት አገኘ አላገኘ እስኪባል ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። መጀመሪያ ቀጠሮ እይዛለሁ፤ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ አሟላለሁ። የቀጠሮው ወረፋ ራሱ ሳምንታት ሊበላ ይችላል፤ 45ቱ ቀን መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው።

ወረቀቱን የሚያየው ሰው በልቡ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ወጪውን ማን ይችላል? ይመለሳል ወይ? ከመሥሪያ ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ ይህን ካልመለሰ፣ ምንም ያህል ማኅተም ቢደረደርበት ዋጋ የለውም። ከመቼ ጀምሮ እንደምሠራ፣ ፈቃድ እንደተሰጠኝ፣ ደመወዜ እንደማይቋረጥ፣ ተመልሼ ማስተማር የምቀጥልበት ቀን እንዲገባ አደርጋለሁ። አዘጋጁ የምዝገባውን ከከፈለ፣ ዩኒቨርሲቲው ትኬቱን፣ እኔ ደግሞ ሆቴሉን ከቻልኩ፣ ያ ክፍፍል በግልጽ ይጻፍ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ሆቴል ሳይቀጡ መሰረዝ የሚቻለውን ያዙ።

የገንዘብ ነገር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉባኤው ለታዳጊ አገር ተመራማሪዎች የሚሰጠው የጉዞ ድጋፍ አለ፤ የሚያመለክቱበት ቀን ግን ከጥናት ማስገቢያው ቀን ቀድሞ ያልቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም ብዙ ድጋፍ ሰጪዎች የሚከፍሉት ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን ሳይቀር እጠይቃለሁ የሚል አለ። እኔ ለደረሰኝ የሚሆን አንድ ፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ አኖራለሁ፤ በየማታው ፎቶ አንስቼ ኢሜይሌ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የወረቀቱ ጽሑፍ በወር ውስጥ ይደበዝዛላ።

የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ስትወስዱ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ነው። ባለ 5፣ 10 እና 20 ዩሮ ኖት እንዲሰጧችሁ ለምኑ። ኦስትሪያ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ዛሬም ይሠራል፤ ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም አሉ። ባለ 200 ኖት ይዞ ዳቦ መግዛት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይገባል? ቋንታና ቅቤ አይገባም። ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ክልክል ነው፤ ከተያዘ ይወረሳል። የእናት ስጦታ ሲጣል ማየት ደግሞ ያሳዝናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ችግር የለባቸውም። በሶን በተለይ አደራ እላለሁ። ጉባኤው ጠዋት 2፡30 ላይ፣ በነሱ አቆጣጠር 8፡30 ማለት ነው፣ ይጀምራል። ሆቴላችሁ ቁርስ ከሌለው ወይም 18 ዩሮ ካለ፣ ሰፊ አፍ ያለው የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ ከቧንቧ ውሃ። ክዳኑን አጥብቆ በደንብ መናጥ ነው። እስከ ምሳ ያቆማል። የቧንቧውን ውሃ አትፍሩ፤ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ የሚመጣ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. በ1873 ነው የተከፈተው። የታሸገ ውሃ መግዛት እዚያ ገንዘብ መበተን ነው።

ጉባኤው አንዳንዴ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ካልሆነ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የማይቀሩ ናቸው። ስለ ጾማችን ለአስተናጋጅ ታሪክ ከማስረዳት "ቪጋን" ማለት ይበቃል፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ዓሣ እንዳያመጡባችሁም ያድናችኋል።

ጥናታችሁን በፖስተር፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ በሚሰቀል ትልቅ ሕትመት የምታቀርቡ፣ የጉባኤው ሰሌዳ 197 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አግድም። አዲስ አበባ የምናሳትመው አብዛኛው ወደ ታች የሚረዝም ስለሆነ ከማሠራታችሁ በፊት ልኩን አረጋግጡ። እኔ ጨርቅ ላይ ማሳተም ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ነጠላ አጥፌ እጅ ሻንጣ ውስጥ ነው የምከተው። ያ ረጅም ቱቦ በየፍተሻው አያስቆመኝም፤ አውሮፕላን ውስጥ ረስቼው የመውረድ ስጋትም የለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየና በቀጥታ ይበራል። ሌሊቱን ተጉዛችሁ ጠዋት ትደርሳላችሁ። የሰዓት ልዩነቱ በጸደይ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰውነት አይዛባም። ድንበር ላይ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ አዲስ አሠራር ገብቷል፦ በማኅተም ፈንታ ፎቶና የጣት አሻራ። ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። የግብዣ ደብዳቤው፣ የሆቴሉ ወረቀት፣ የመመለሻ ትኬቱ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ ስልክ ውስጥ ብቻ አይሁን። ቻርጅ ከዘጋ ምን ልታሳዩ ነው?

ከሽዌካት ኤርፖርት ወደ ከተማ ለመግባት አረንጓዴው ፈጣን ባቡር ከፊታችሁ ተደቅኖ ይጠብቃችኋል። 16 ደቂቃ ይፈጃል፤ ውድ ነው። ዝለሉት። የኦስትሪያ ምድር ባቡር ወደ ዋናው ጣቢያ፣ ሃውፕትባንሆፍ፣ በ15 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል፤ ዋጋው ሲሶ ገደማ ነው። እዚያው ወርዳችሁ ኡ1 የሚባለውን ቀይ መስመር ሜትሮ በሌኦፖልዳው አቅጣጫ ያዙ። ካይዘርሚውለን ስትደርሱ ውረዱ። የተመድ ሕንጻዎችና የጉባኤው አዳራሽ ፊት ለፊታችሁ ናቸው። ከኤርፖርት የቆረጣችሁት የምድር ባቡሩ ትኬት ሜትሮውንም ይጨምራል፤ የአረንጓዴው ባቡር ግን አይጨምርም።

ሜትሮው ላይ የሚያግድ በር የለም። ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። ከማሽን የተገዛ የወረቀት ትኬት መግቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን መመታት አለበት። "ጢን" ትላለች፣ ቀንና ሰዓት ታትምበታለች። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ዩኒፎርም ሳይለብሱ እንደማንኛውም ሰው አጠገባችሁ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱ ከ100 ዩሮ በላይ ነው። "እንግዳ ነኝ" የሚል ምክንያት አይሠራም። ስትደርሱ የሳምንት ትኬት ግዙና ተገላገሉ። እንደዚያም ሆኖ ኤርፖርቱ ከከተማው ቀጠና ውጭ ስለሆነ ስትመለሱ ተጨማሪ ትኬት ያስፈልጋል።

ማረፊያ ስትመርጡ ጉባኤው አጠገብ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። ያ ሳምንት እዚያ ሰፈር ዋጋ ጣራ ይነካል። ወሳኙ ኡ1 መስመር ላይ መሆን ነው። ፕራተርሽተርን አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከጉባኤው ሦስት ፌርማታ። የፖስታ ቁጥሩ ወረዳውን ይነግራችኋል፤ መሐል ያሉትን ሁለት አሃዞች እዩ። 1020 ከሆነ ሁለተኛው ወረዳ፣ 1220 ከሆነ ጉባኤው ያለበት ሃያ ሁለተኛው። ከሌላ ሰው ጋር ተካፍሎ ማብሰያ ያለው ክፍል መያዝ ኪስ ያድናል።

እሑድ ከተማዋ ትዘጋለች። እውነት ነው የምላችሁ። ሱፐርማርኬት፣ ልብስ ቤት፣ ሁሉም። ጉባኤው ሰኞ ስለሚጀምር አብዛኛው ሰው የሚደርሰው ደግሞ እሑድ ነው። ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ሃውፕትባንሆፍና ፕራተርሽተርን ጣቢያዎች ያሉት ሱፐርማርኬቶች ግን እሑድም ክፍት ናቸው። ዳቦና ፍራፍሬ ከዚያ ይዛችሁ ግቡ። የራስ ምታት ክኒን ሱፐርማርኬት አይሸጥም፤ ፋርማሲ ብቻ ነው፤ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ካፌ ቁጭ ካላችሁ ሰው አያስነሳችሁም። በአንድ ስኒ ቡና ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ቡናው ከብርጭቆ ውሃ ጋር በትንሽ ትሪ ይመጣል። ቡናው እንደኛ ነው ብዬ አልዋሽም። ስትከፍሉ ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ የለም። ሂሳቡ 9 ዩሮ ከ20 ከሆነ፣ ገንዘቡን እየሰጣችሁ "አሥር" ትላላችሁ፤ አስተናጋጁ የቀረውን ይመልሳል። በቃ።

ወደ ጉባኤው እንምጣ። ይህን ሁሉ አስቀድመን የምንጨርሰው ለዚህ ነው። በአንድ ጊዜ በብዙ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ይካሄዳል፤ ሁሉን ልከታተል ያለ ሰው ማክሰኞ ላይ ይደክማል። እኔ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላገኛቸው ለምፈልጋቸው ጥቂት ሰዎች አጭር ኢሜይል እጽፋለሁ፦ ማን እንደሆንኩ፣ የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበብኩ፣ ፖስተሬ መቼና የት እንደሚሰቀል። ረጅም ከሆነ አያነቡትም። አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጥቶ ከመጠየቅ ፖስተር ፊት ለፊት የሚደረግ ወሬ ይበልጣል።

ለእኛ ደግሞ አንድ ጥቅም አለን። አፋር ሦስት የመሬት ቅርፊት ሳህኖች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ሲከፈት የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ወደኛ ዞሯል። በኅዳር 2025 የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም እንደዚያው። ፖስተራችሁ ላይ "አፋር" የሚል ካለ ሰው ራሱ ይመጣል። ሰመራ ያደረ፣ ኤርታሌ የወጣ፣ በአማርኛ "ሰላም ነው?" የሚል ፈረንጅ አይጠፋም። እንግሊዝኛችሁ አይቅና ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ እዚያ ያለው ብዙው ሰው የሚናገረው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። የምትፈልጉትን ግን በግልጽ ተናገሩ፦ መረጃ ነው? ላብራቶሪ ነው? የዶክትሬት ቦታ ነው? "አብረን እንሥራ" ብቻ ብሎ መለያየት የትም አያደርስም። በዚያው ምሽት "ዛሬ ያወራነው ይህ ነው" ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። ሳምንት ካለፈ ፊታችሁንም ይረሱታል።

አየር ስትፈልጉ ከአዳራሹ ጀርባ ዶናውፓርክ አለ። ነፋሱ ስለማይቻል ጃኬት አትርሱ። ትርፍ ቀን ካላችሁ ብራቲስላቫ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ እዚያው ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ ስለሆነች የአንድ ጊዜ ቪዛችሁን አትነካውም። ለንደን ብቅ ብዬ ልመለስ ማለት ግን አይሆንም፤ ከወጣችሁ ወጣችሁ።

ስጦታ ኤርፖርት አትግዙ። ሮዝ መጠቅለያ ያለው ማነር የሚባል የሐዘልነት ዌፈር በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ ይገኛል፤ ወተት ስለሌለበት ለጾመኛም ይሆናል። ቅዳሜ ግዙት። ልብስ ወይም ዕቃ በአንድ ደረሰኝ ከ75 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ ሱቁን የታክስ ተመላሽ ቅጽ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ስትደርሱ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ዕቃውን ለጉምሩክ አሳይታችሁ ቅጹን አስመቱ። ሻንጣው ከገባ በኋላ ቅጹ ወረቀት ብቻ ነው።