የኲሃን ድንጋይ ለማንበብ፦ ደብዳቤው ላይ «ባትሪ» የሚለው ይግባ

መቐለ አጠገብ ኲሃ ላይ በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሞቱ ሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ጽሑፋቸው ኩፊክ የሚባለው ማዕዘናም ዓረብኛ ነው። ከነሱ አንዱ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ሰማሁና በዓይኔ አይቼ ላነበው ተነሳሁ።

ፊደሉን መልመድ አይከብድም። የቀይ ባሕሩን የዳህላክንና የግብፁን የአስዋንን የመቃብር ድንጋዮች ፎቶ እያዩ መለማመድ ነው። አካሄዳቸው ይመሳሰላል፦ ቢስሚላህ፣ የቁርአን አንቀጽ፣ የሟች ስም ከነአባቱ፣ ከዚያ የሞተበት ቀን።

ያቃጠለኝ ደብዳቤው ነው። «የትብብር ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ፤ አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ስሄድ ማህተሙ ፊርማውን አልነካም ተብሎ ተመለሰ። አስነክቼ መጣሁ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፣ ባትሪዬን ሳወጣ ንብረት ክፍሉ እጄን ያዙኝ።

«ደብዳቤው ፎቶ ነው የሚለው። መብራት አይልም።»

«ጋሼ፣ ፍላሽ እኮ አይደለም። ከጎን ላበራበት ነው።»

«እሱን ለኃላፊው ንገር።»

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዓመቱ የተጻፈው በቃል ነው፣ ፊደሉም አንዱን ከሌላው የሚለየው ነጥብ የለውም። ያለ ነጥብ የዓረብኛ ሰባትና ዘጠኝ ሁለቱም አራት ጥርስ (ከመስመሩ ወደ ላይ የምትወጣ አጭር ጭረት) ናቸው። ሰባና ዘጠና ላይ ከሆነ ደግሞ ሰውየው 20 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ይሄዳል። የሚለያቸው ጠራቢው ከፍ ያደረጋት አንዲት ጥርስ ናት፤ ከቀኝ የመጀመሪያዋ ከሆነች ዘጠኝ፣ አራተኛዋ ከሆነች ሰባት። እሷን ፊት ለፊት በተነሳ ፎቶ አታገኟትም። ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ስታበሩ ግን ጥላዋ ይወጣል። በሁለተኛው ደብዳቤ «ባትሪ» አስጽፌ ገባሁ፣ ጥላዋም ወጣች፦ ዘጠኝ።

ስለዚህ «ፊት ለፊት፣ በደህና ብርሃን አንሱ» የሚለውን መመሪያ እኔ አልቀበልም። እሱ ለካታሎግ ይሆናል እንጂ ለንባብ አይሆንም። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ጠመኔ የሚቀቡም አሉ። በፍጹም! ድንጋዩን ያበላሻል፤ ደግሞም የምታነቡት የቀቢውን ግምት ነው።

ሂጅራውን፣ ማለት የእስልምናውን ዘመን አቆጣጠር፣ ወደ ፈረንጆቹ ስትቀይሩ 622 ደምራችሁ እንዳትሄዱ። የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ግድም ያጥራል። 500 ሂጅራ በፈረንጆቹ 1122 ሳይሆን 1106 ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ይጀምራል፤ በእኛ 1099 መግቢያ መሆኑ ነው።