ፌቤን የተጠራችበት ቃል

አገልግሎት የጀመርሁት ሥነ መለኮት የሚባል ትምህርት መኖሩን እንኳ በቅጡ ሳላውቅ ነው። ለዐሥራ አንድ ዓመታት ልጆችን በሰንበት ትምህርት አስተምሬአለሁ፤ የእኅቶችን የጸሎት ኅብረት አስተባብሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ ጥሪዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጥሪ ማለት መድረክ ላይ የሚቆሙ ወንድሞች ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው የሚመሰክሩት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሥነ መለኮት ልማር ነው ባልሁ ጊዜ ግን ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ «ልጄ፣ ለሕፃናት የያዕቆብን ታሪክ ለመንገር ግሪክኛ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። በቅንነት እንደ ጠየቁኝ ስለማውቅ አልተቀየምሁም፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 የቤት ሥራ ሆኖ ደረሰኝ። የሰላምታ ዝርዝር ነው እያልሁ ዘወትር የምዘለው ምዕራፍ ነበር። ጳውሎስ በክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን የነበረችውን ፌቤንን በግሪክኛው «ዲያቆኖስ» ይላታል፤ በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን «አገልጋይ» ብሎ ተርጉሞታል። ያው ቃል በፊልጵስዩስ 1፥1 በብዙ ቁጥር ሲመጣ «ዲያቆናት» ሆኗል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥5 ደግሞ ጳውሎስ ራሱንና አጵሎስን ይጠራበታል፤ እዚያም «አገልጋዮች» ተብሏል። ሦስቱን ጥቅሶች በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርሁበት፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። «እኔ ተራ አገልጋይ ነኝ» ስል የኖርሁት ጳውሎስ ራሱን በጠራበት ስም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ቃሉ ብቻውን ፌቤን በኋለኛው ዘመን ዲያቆናት የያዙትን ሹመት ይዛ ነበር አያሰኝም፤ በዚያ ዘመን የማዕረጎቹ ወሰን ገና አልጠራም። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው እኅቶች አሉ፤ ነገር ግን ለክብራችን ብዬ ጽሑፉ ያላለውን ባስብለው፣ ጳውሎስ በዚሁ ምዕራፍ ሰላምታ የሚልክላትን የዩንያን ስም የወንድ አድርገው ካነበቡት ተርጓሚዎች በምን እለያለሁ? ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት የዩንያን ሴትነት ሳይጠራጠር አመስግኗት ነበር።

ዛሬ የመጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጎም አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አሁንም ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የሚሉኝን መስማት ትቻለሁ። ባለፈው ወር ስለ ፌቤን ሳስተምር፣ ዕድሜአቸውን ሁሉ የታመሙትን በየቤቱ ሲጠይቁ የኖሩ አንዲት እናት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔስ ታዲያ የትኛዋ ነኝ?» አሉኝ። ያን የቆየ ገጽ ከደብተሬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በቀዩ መስመር ላይ እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው ያነቡት ጀመር።