ከባቲ እስከ ሐይቅ፦ የጋራ ኑሮ ሒሳብ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መንገዱ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰኞ ከሆነ ሚኒባሱ በጠዋቱ ይሞላል፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝበት የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው። ወደ ወሎ ይዤው የሄድኩት አንድ ቁጥር ነበር፦ 27።

ሆላንዳዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ አገሮችን በግለኝነት ደረጃ ሲደረድር አሜሪካ 91 አገኘች። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ 27 ተሰጣት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኑሮው ወደ ጋራ ያደላል ማለት ነው። የተጠየቁት የኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ዕርፍ የጨበጠ ወሎዬ አልተጠየቀም። ቁጥሩም አማካይ ስለሆነ አጠገብህ የተቀመጠውን ተሳፋሪ አይገልጽልህም።

የጋራ ኑሮ ሲባል ብዙ ሰው ደግነትን ያስባል። ገጠር ስትገባ ቀድሞ የሚታይህ ሒሳቡ ነው። ወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል፦ ዛሬ አንተ ዘንድ ላጨደ ሰው ነገ አንተ እሱ ዘንድ ታጭዳለህ፤ ከታመምክ ልጅህን ወይም ወንድምህን ትልካለህ። በደቦ ግን እንዲህ ያለ ጥብቅ ቆጠራ የለም፤ ጠሪው አብልቶ፣ እንደ ቤቱ ሃይማኖት ጠላ ወይም ቀሪቦ አጠጥቶ ያሠራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከመሰሉ ጋር ይቀናጃል፤ ጥማዱ ተራ በተራ የሁለቱንም ማሳ ያርሳል።

ችግሩ የሚመጣው የሁሉም ሰብል በአንድ ሳምንት ሲደርስ ነው። ከልክ በላይ የደረቀ ጤፍ ይረግፋል፣ ያለጊዜው የመጣ ዝናብም የታጨደውን ያበላሻል፤ ተራው መጨረሻ የሆነ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ ማሳ ይቀድማል፤ የቆላው ማሳ ከደጋው በፊት ስለሚደርስም ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በቻይና የወጣ ጥናት የሩዝ አብቃይ አካባቢ ሰዎች ከስንዴ አብቃዮቹ ይልቅ ወደ ቡድን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል፤ ምክንያት ያለውም የመስኖ ውኃና ጉልበት መጋራትን ነው። ጤፍ የሩዝን ያህል ውኃ አይፈልግም፤ የአጨዳው ጥድፊያ ግን ለእኔ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ይመስለኛል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ሐይቅ ከተማ ስትደርስ ወሬው ወደ ቅሬ፣ ማለትም ወደ ወሎ እድር፣ ይዞራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚታቀፍበት ቦታ ብዙ ነው። የሙስሊም ቀብር ስለማይዘገይ ጥሪ እንደተሰማ መቆፈሪያ ይዞ መድረስ ግድ ነው፤ የቀረ በቅሬው ዳኛ ይቀጣል። ገንዘብ ብቻ ልኮ መቅረት አያዋጣም፤ የሚቆጠረው መገኘት ነው። አሜሪካዊው ለዚህ ኢንሹራንስ ይገዛል፤ መክፈል ቢያቆም ውሉ ይፈርሳል እንጂ ጎረቤቱ ፊት አይነሳውም። ከቅሬ የወጣ ግን ሬሳውን የሚያነሳለት ሰው ያጣል። ጥብቅነቱን የማልወደውም በዚህ ነው፤ ከዳኛው ጋር የተጣላ ድሃ ወዴት ይሂድ?

ለእንግዳ የሚጠቅመው ይኸን ማወቅ ነው፦ ለቡና ከተጠራህ ከአቦል በኋላ አትነሳ፣ ቶናና በረካ አሉ። ደሴ ካፌ ውስጥ የጋበዘህ ሰው ሒሳቡን ሲከፍል «የድርሻዬን» ብለህ ብር አታውጣ፤ በሚቀጥለው ቀን ቀድመህ ጋብዝ። ሠርግ ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ በተለያየ እጅ ታርዶ በተለያየ ድስት ይበስላል፤ ከመቀመጥህ በፊት የትኛው ማዕድ የአንተ እንደሆነ አስተናጋጁን ጠይቅ፣ ማንም አይቀየምህም።