«ለ» ብቻ

ሰዓቱን ወደ ኋላ ከመለሱት ወዲህ ገና በ11 ሰዓት መጨለም ይጀምራል። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በኅዳር ዝናብ እንዴት እንደምትደብር የኖረባት ያውቃል። ትናንት የሆነውም ይኸው ነው። ልደት የለም፣ እንግዳ የለም። ዝም ብሎ ደበረኝና ቤዝመንት ወርጄ ያቺን ጠርሙስ አወጣኋት።

የትኛዋን እንደምል ታውቃላችሁ፤ ስንቴ አሰልችቻችኋለሁ። ቢግፉት የምትባለዋ ቢራ ናት። የሲዬራ ኔቫዳ ጠማቂዎች ካሊፎርኒያ፣ ቺኮ ከተማ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ የሚጠምቋት፣ አልኮሏ 9.6 በመቶ የሆነች። ዓይነቷን ባርሊዋይን ይሉታል፤ የገብስ ወይን እንደማለት። ወይን የሚባል ነገር አልነካትም፣ ስሙን ያሰጣት ጉልበቷ ነው። ድሮ እንግሊዞች ከብቅሉ መጀመሪያ የሚወርደውን ወፍራሙን ለብርቱው ቢራ ያደርጉታል፤ በዚያው ብቅል ላይ እንደገና ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቀጭኑ ደግሞ ለየቀኑ ጥም ይሆናል። ቅራሪ እኮ ነው! ይህን ያነበብኩ ቀን ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። «እና አሁን ገና መስማትህ ነው?» አለችኝ።

ዓመቱ ቆርኪው ላይ ይጻፋል። የኔዋ 2014 ትላለች። የዛሬ ሦስት ዓመት አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ አይታት፣ «የአምና ቢራ ነው እንዴ እንዲህ በጨለማ የምታስቀምጠው?» ብላ ስቃብኛለች። በኛ አቆጣጠር አንብባው ነው። እኔም አላረምኳትም። ቢራ ስምንት ዓመት አቆይቻለሁ ከማለት የአምና ማለቱ ይሻል ነበር።

ከፈትኳት። ትንሽ ተነፈሰች። ከስር አተላ ነገር ስላለ ቀስ አድርጌ ቀዳሁ፤ ቀይ ዳማ፣ አረፋውም ብዙ አልቆመም። አዲስ እያለች ጠጥቼ አውቃለሁ። የጥድ ሙጫና የግሬፕፍሩት ልጣጭ ትሸት ነበር፤ ምሬቷ ጌሾ እጥፍ የተጨመረበት ጠላ ነው። አሁን ምሬቱ ተኝቷል። በቦታው የተቃጠለ ስኳርና ዘቢብ መጥቷል። ግን ከኋላ ኋላ የረጠበ ካርቶን ነገርም አለ። አየር ነው። በቆርኪው በኩል በዓመታት ሾልኮ የሚገባው ያቺው ጥቂት አየር ዘቢቡንም ካርቶኑንም ታመጣለች። አንድ ጓደኛዬ፣ የዴንቨሩ፣ ካርቶኑን «የወይን ቤት ሽታ» ይለዋል። እኔ ካርቶን ነው የምለው።

ሁለተኛውን ጉንጭ ሳልጨርስ ጠርሙሱ ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር አየሁ።

የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። እርጥበቱ በልቶት «ለ» ብቻ ቀርታለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ነው።

ለምን ነበር? ለማን?

ያኔ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር፣ አራት ሆነን አንድ አፓርታማ ይዘን። «ለወረቀት» ይሆን? ግን የመኖሪያ ወረቀቱ የመጣ ቀን ከጋዝ ማደያ የተገዛ ቢራ ነው የጠጣነው፣ እሱም ሞቅ ያለ። «ለቤት» እንዳልል፣ ወደዚህ ቤት ስንገባ ጠርሙሷን በጋቢ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዣት ነው የመጣሁት። አልከፈትኳትም። «ለልጅ» አይሆንም፤ ባለቤቴን እንኳን ገና አላወቅኳትም።

«ለአባባ»?

አባባ ሁለቴ ቪዛ ተከልክሎ ሳይመጣ ቀረ። ደግሞ አባባ ጠላ እንጂ ቢራ አይወድም ነበር። አይሆንም።

ዴንቨር ደወልኩ። «ለራስህ ነዋ፣ አንተ ስስታም!» አለኝና ስለ ጉልበቱ ሕመም ሃያ ደቂቃ አወራኝ። ስልኩን ስዘጋ ፕላስተሩን ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት፣ አጋደልኩት፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጎላሁት። ከ«ለ» በኋላ ያለው ፊደል አንዴ «አ» ይመስለኛል፣ አንዴ «ወ»። የፈለግኩትን ይመስልልኛል።

ባለቤቴ ልብስ ልታወጣ ወረደች። ከማጠቢያው ማሽን ጋ ሆና ታየኛለች። ሰጠኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችና፣

«‹ለዶሮ› ነው የሚለው» አለች።

«የምን ዶሮ?»

«እኔ ምን አውቄ። ፈረንጆቹ በቢራ ይሰሩ የለ?»

ልብሷን ይዛ ወጣች። ብርጭቆዬን ያኔ አስታወስኩት። ከሰዓት በላይ ተቀምጧል፣ ሞቋል። ፉት ስለው ካርቶኑ የለም። ጠፍቶ ይሁን ለምጄው አልገባኝም።

ግን ዶሮ በቢራ ሰርቼ አላውቅም። በ2014 ድስት እንኳን አልነበረኝም።